የየሻው ጠፍር

ምሥጋናው ከእንጨት ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ወይራም ይሁን ጽድ፣ ዋንዛም ይሁን ግራር፣ እጁ ላይ ከወደቀ ተለሳልሶ ያድራል። ከብረት ጋር ግን ያን ሳምንት ዓይንና ናጫ ሆኖ ሰነበተ። ከብረቱ በኋላ ደግሞ ከቆዳ ጋር። ከቆዳው በኋላ የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ላይ እንደርሳለን።

ቤቱ ላሊበላ ውስጥ ከገበያው በታች ነው። ደጃፉ ላይ በተከላት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለካህናት መቋሚያ፣ ለፈረንጅ የእጅ መስቀል ይቀርጻል። ፈረንጅ ሲጠፋ በርጩማ ይሠራል። ፈረንጅ ከጠፋ ደግሞ ሰነባብቷል። ጎረቤቶቹ አስጎብኚዎች እሱ በሠራው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዳማ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ የተሸነፈው ሁሉ በርጩማው ተነቃነቀብኝ ብሎ ያሳብባል።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደራ፣ አማቱ አያ ገብረ ሚካኤል ምንሽር ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። አገራቸው ከነአኩቶ ለአብ በላይ ነው፤ ለእሳቸው ጉልበት የሦስት ሰዓት መንገድ። ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ደጅ ላይ ቆመው የጠመንጃውን መዝጊያ አወጡ፤ የጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን ለምሥጋናው አሳዩት፤ ራሳቸውም ደግመው አዩት። የምዝገባ ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ሰደፉን ቀይርልኝ፤» አሉ ገና ውሃ ሳይቀምሱ። «የደረቀ ወይራ አለህ አይደል?»

«አለኝ። ምነው፣ አሁን ምን ታየዎት?»

«አርጅቷል።»

ይህ መልስ ማንንም አላጠገበም። ሰደፉ ያረጀው ዛሬ አይደለም። ከሰባት ዓመት በፊት ከገደል ላይ ወድቆ አንገቱ ተሰንጥቆ ነበር። ያን ጊዜ ልጃቸው የሻው እርጥብ የበሬ ጠፍር አምጥቶ አንገቱን ጠፍንጎ አሰረው፤ ጠፍሩ ደርቆ እንደ ብረት ያዘ፤ ሰባት ዓመት ሙሉም አልላላም። የምሥጋናው ሚስት ማኅሌት አባቷን አየች፤ አባቷ መሬት አዩ።

የሻው የማኅሌት ታናሽ፣ የአባቱ አንድ ወንድ ልጅ ነው። የዛሬ አራት ዓመት፣ በጦርነቱ ወራት፣ ረዳት ሆኖ በሚሠራባት አይሱዙ ወደ ወልድያ እንደወረደ አልተመለሰም። መኪናዋም፣ ሾፌሩም፣ እሱም የውሃ ሽታ ሆኑ። አንድ ሰው ብቻ፣ ለዚያውም ከሌላ ሰምቶ፣ «ታስሮ አይቼዋለሁ የሚል ሰው አለ» አለ። እናቱ እማማ ይማርሽ ከዚያች ቃል በቀር ሌላ ነገር ጆሯቸው እንዳይገባ ከለከሉ። የነፍስ አባታቸው ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥተው፣ «ፍትሐት እናድርግለት፤ ነፍሱ እንዳትንከራተት» ቢሏቸው፣ «ታስሮ ያለን ልጅ በቁሙ ሊፈቱብኝ ነው?» ብለው መልሰዋቸዋል። ለቅሶ የለም፣ ተዝካር የለም፣ ጥቁር ልብስ የለም። ቤቱ አራት ዓመት ሙሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቃል።

አያ ገብረ ሚካኤል ውሃውን ጠጥተው ጣሳውን መለሱና፣ የተላኩትን ተናገሩ።

«እናትሽ ምን አለች መሰለሽ፤ ጠፍሩን ስለት እንዳይነካው ብላለች። የየሻው እጅ ነው፤ ፍቱት እንጂ እንዳትቆርጡት። ከቆረጣችሁት ልጄን ቆረጣችሁት ብላለች።»

ማኅሌት ወደ ባሏ ዞረች። «ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ሲፈታም ደውሉልኝ ብላለች፤» አሉ አያ ገብረ ሚካኤል። «ስድስት ሰዓት ላይ ከድንጋዩ ላይ ወጥታ ትጠብቃለች።»

ድንጋዩ ከቤታቸው ጓሮ ያለ ትልቅ ቋጥኝ ነው። እሱ ላይ ካልወጡ በዚያ መንደር ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። እማማ ይማርሽ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ እዚያ ድንጋይ ላይ ይወጣሉ፤ ምን እንደሚጠብቁ የማያውቅ የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጠፍሩ እቤት ውስጥ ስም ወጣለት። የየሻው ተባለ። «የየሻው እንዴት ሆነ?» ትላለች ማኅሌት ከጓዳ። «የየሻው ገና ነው፤ ተራው አልደረሰም፤» ይላል እሱ ከደጅ። ጠፍር የሚለውን ቃል ሁለቱም ረሱት። ይህን መርሳታቸው በኋላ ብዙ ጣጣ አመጣ።

እሑድ ተሳለሙበት እንጂ አልሠሩበትም። ሰኞ ጠዋት ምሥጋናው የሞርሳውን መንጋጋ ጨርቅ አልብሶ ጠመንጃውን አጥብቆ አስያዘና ከጫፉ ጀመረ። ሰደፉ መጨረሻ ላይ ያለችው ብረት በሁለት ብሎን ተይዛለች፤ ብሎኖቹ ከነዝገታቸው አርፈው ተቀምጠዋል። ካቻቢቴውን አስገብቶ ቢያዞር ሸርተት አለ። ደግሞ ቢያዞር ደግሞ ሸርተት አለ፤ አውራ ጣቱን ላጠው። ጮክ ብሎ ያልተሰደበ ብረት ያን ቀን ዕድለኛ ነው።

«ጠመንጃው ሳይተኮስ አቆሰለህ?» አለች ማኅሌት ጨርቅ ይዛ ስትመጣ።

«ሳቂ።»

ግን ሞኝ አይደለም። ንዴቱ ሲበርድለት የካቻቢቴውን አፍ በሞረድ እየሳለ ልክ በብሎኑ ራስ ስንጥቅ ገጥሞ እንዲቀመጥ አደረገው። በብሎኖቹ ዙሪያ ላምባ አንጠባጥቦ አሳደራቸው። ማክሰኞ ካቻቢቴውን ተክሎ ጀርባውን በመዶሻ ኳ ኳ አደረገ፤ ዝገቱ እንዲደነግጥ ያህል። ከዚያ መጀመሪያ ወደሚጠብቅበት ጥቂት ገፋ፣ ቀጥሎ ወደሚፈታበት መለሰ። አንደኛው ጭርር ብሎ ተነቃነቀ። ሁለተኛው ጥቂት ኮራ፤ ሌላ ላምባ ጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ እሱም ወጣ። ረቡዕ አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር የያዘውን የብረት ቀለበት ሲታገል ዋለ። እንጨቱ በክረምት ብዛት አብጦ ቀለበቱን ውጦታል። እሱንም በጠፍጣፋ እንጨት ከዚህም ከዚያም ቀስ እያለ እየመታ ወደፊት አስኬደው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አያ ገብረ ሚካኤል በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። አልፎ አልፎ መቋሚያቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ምክር አይሰጡም። ምሥጋናው መጀመሪያ ላይ ወዶት ነበር፤ የሚመክር አማት ያለው ሰው ዝምታን ያውቃታል። ሐሙስ ግን ዝምታው ራሱ ያሳክከው ጀመር።

ሐሙስ የየሻው ተራ ደረሰ። ጠመንጃውን ከሰደፉ የሚለየው ትልቁ ብሎን ከቃታው ጀርባ፣ ልክ ጠፍሩ ሥር ነው። እሱ ካልተፈታ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ምሥጋናው ቋጠሮውን ፈልጎ አገኘውና በወስፌ ሊያነሳው ሞከረ። ወስፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ላምባ አፈሰሰበት፤ ለብሎን የሠራ ለዚህም ይሠራል ብሎ። ጠፍሩ ላምባውን ከቁብም አልቆጠረው። ቅባት ቀባው፤ አበራ እንጂ አልላላም። በመጨረሻ ሙቀት ያለሰልሰዋል ብሎ ከከሰል ምድጃው በላይ ይዞ አገላበጠው። ጠፍሩ ሲጥ ሲጥ አለ፤ ጨርሶ ጠበቀና እንጨቱ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ቆሽቱ አረረ። ከመሣሪያዎቹ መሃል ሹሉን መሮ አነሳ። ሐሳቡ ይህ ነበር፤ በሰደፉ ሆድ በኩል ማንም በማያየው ቦታ አንዴ ቆረጥ፣ ከዚያ በሙጫ መለስ። ማን ያውቃል? እናትዬዋ ዓይናቸውም ደክሟል። መሮውን አስጠጋ። የቆዳው ዳር ላይ፣ ከመጨረሻው ዙር አጠገብ፣ የጥርስ ምልክት አየ። የሻው ሲያስር ጫፉን በጥርሱ ይዞ ስቦት ኖሯል። ሁለት የፊት ጥርሶች፣ አንዷ ትንሽ ጠማማ። የሻው ሲስቅ የምትታየዋ ጠማማ ጥርስ። ምሥጋናው መሮውን አስቀመጠ፤ ስለ ሙጫው በማሰቡም አፈረ።

«ምራን በምን ይፈታል?» አሉ አያ ገብረ ሚካኤል ከበርጩማቸው።

ምራን ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የምታስረው የቆዳ ማሰሪያ ናት። ምሥጋናው የገበሬ ልጅ ነው፤ ልጅ ሆኖ ስንት ምራን ይዞ ወንዝ ወርዷል። እርፍ ከለቀቀ ግን ሃያ አምስት ዓመቱ ነው።

«በውሃ፤» አለ ቀስ ብሎ።

«እህ።»

«ጠዋት ስጀምር እዚሁ ነበሩ። ለምን አልነገሩኝም አባቴ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «አልቸኮልኩም፤» አሉ።

ምሥጋናው ቅባቱን በሳሙና አጥቦ አነሳለት፤ ብረት ብረቱን በፕላስቲክ ሸፍኖ አንገቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው። ማኅሌት ውሃ ባመላለሰች ቁጥር ጨርቁን ታርሰዋለች። ዓርብ ረፋዱ ላይ ሲገልጡት ጠፍሩ አብጧል፣ ነጥቷል፣ የጥንት ሽታው ተመልሷል። ማኅሌት ሸተተችው፤ ምንም ሳትል እንስራዋን ይዛ ወደ ቦኖው ሄደች። አያ ገብረ ሚካኤል ቀደም ብለው ቤተ ማርያም ለመሳለም ወጥተዋል። ቋጠሮው የተላቀቀው እንግዲህ ምሥጋናው ብቻውን በሆነባት ሰዓት ነው።

አንደኛውን ጫፍ በጣቱ ገፋ፤ እሺ አለው። ሳበው፤ መጣ። ከዚያ ዙሩን እየቆጠረ ፈታው፤ አሥራ አንድ ዙር። ቋጠሮው እንዴት እንደተቋጠረ አይቶ ለመያዝ አስቦ ነበር፤ ደስታው ቀድሞ እጁን አስሮጠውና ሳያይ አለፈው። ከሥሩ ያ ትልቁ ብሎን ብቅ አለ። ቆዳው ሰባት ዓመት ሸፍኖት ዝገት የሚባል አልነካውም፤ በሁለት ጣት ዞረ። ምሥጋናው ሳቀ። ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ኔትወርኩ በደንብ ወደሚሰማበት፣ ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው ከፍታ ሮጦ ወጣና ደወለ።

«እናቴ! የየሻው ተፈታ!»

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይነፍሳል። «ምን አልክ?»

«የየሻው ተፈታ! ተፈታ!»

ከዚያ በጣም ቀጭን ድምፅ፣ «ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፤ ምንም አልሆነ፤ አንዲት ጭረት የለበትም!»

«የት ነው አሁን?»

«እዚሁ እኛ ጋ ነው፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጬዋለሁ!»

እልልታ የመሰለ ነገር ሰማና መስመሩ ተቋረጠ። ለጠፍር እልል ካሉ ምን ይደረጋል፤ ደስ አለው። እያፏጨ ወርዶ የጠመንጃውን ብረት ከአሮጌው ሰደፍ አላቀቀና ማታ ማታ ሲቀርጸው በሰነበተው አዲስ ወይራ ላይ ይለካካው ጀመር።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የማኅሌት ስልክ ጮኸ። የእናቷ ጎረቤት ወንድምአገኝ ነው፤ ከዚያው ድንጋይ ላይ። ድምፁ እስከ ምሥጋናው ጆሮ ይሰማል። «እንኳን ደስ ያላችሁ! አገሩ በእልልታ ቀለጠ! ይማርሽ ነገ ጎህ ሲቀድ ትወርዳለች፤ አብሬሽ ልሂድ ብላት እምቢ፣ ብቻዬን አለች። በሉ ካርዴ ሊያልቅ ነው፤ የሻውን ሳሙልኝ!»

ማኅሌት ስልኩን ከጆሮዋ አነሳች። ፊቷ እየበራ ሲሄድ ምሥጋናው አየ። በትዳራቸው ዘመን እንዲህ ሲበራ አይቶት አያውቅም።

«የሻው ተፈታ ይላል፤» አለችው። «ማን ነገራቸው? ለምን ለእኔ...»

ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለው ጠፍር ላይ አረፈ። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ።

ምሥጋናው በስልክ ያለውን አስታወሰ። ቃላቱን አንድ በአንድ መለሳቸው። የየሻው ተፈታ ነው ያለው፤ በእርግጥ እንደዚያ ነው ያለው። አንዲት የ። ነፋስ የወሰዳት አንዲት የ። ደኅና ነው አለ፣ ጭረት የለበትም አለ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጬዋለሁ አለ። ምነው ምላሴን ቢቆርጠው ብሎ ተመኘ። ወደ ወንድምአገኝ ቢደውሉ አይገኝም፤ ከድንጋዩ ወርዷል። እማማ ይማርሽ ጋ ቢደውሉ ያው ነው።

አያ ገብረ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለቱንም ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው አገኟቸው። ማኅሌት እያለቀሰች ነገረቻቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ሰሙ። ሰምተው ሲጨርሱ ተቀመጡ።

«ዛሬ መንደሩ ድረስ ቢኬድ ይመሻል፤» አሉ። «በሰው አፍም የሚላክ አይደለም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ ማልጄ እኔ እነግራቸዋለሁ፤» አለ ምሥጋናው።

ማንም አልተከራከረውም። በልቡ አንድ ሰው ቢከራከረው ወዶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጠፍሩን ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከትቶ መንገድ ጀመረ። ገበያተኛው ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል፤ እህል የጫኑ አህዮች፣ በግ የሚነዱ ሴቶች፤ ሽቅብ የሚወጣ እሱ ብቻ ነው። የሚያውቁት እየቆሙ ወዴት ነው ይሉታል፤ እዚህ ድረስ ነው ይላል። የሚናገረውን መንገዱን ሙሉ አዘጋጀ። እናቴ፣ ስልኩ ነው። እናቴ፣ ነፋሱ ነው። እናቴ፣ እኔ ነኝ። ሦስተኛውን መረጠ።

የነአኩቶ ለአብን መገንጠያ አልፎ ጥቂት እንደሄደ እማማ ይማርሽን አያቸው። ከመንገዱ ዳር ካብ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ በነጠላ የተቋጠረ ነገር አለ፤ ከነጠላው ዳር የወንድ ሸሚዝ እጅጌ ወጥቷል። ሲያዩት አልተነሱም። ምሥጋናው እግሩ እየከበደው ቀረበ።

«አልመጣም፣ አይደል?» አሉት፣ ሰላምታ ሳይቀድም።

ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋው። ኪሱ ገብቶ ጠፍሩን አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«ይኼ ነው የተፈታው እናቴ። የየሻው ነው ያልኩት። የየሻው ጠፍር።»

ተቀበሉት። ዘረጉት፤ በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት፤ ጥርሱ ያረፈበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ምሥጋናው ያን ጊዜ መንገዱ ላይ ተንበረከከ።

«ይቅር ይበሉኝ፤» አለ። «አፌ ነው። እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን አጠፋህ? እንዳለው ተናገርክ።» ጠፍሩን መልሰው ጠቀለሉት። «ያችን የ ሰምቻት ነበር መሰለኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ እንጂ።»

ገበያተኞች አለፉ፤ እንዴት አደራችሁ አሉ፤ እማማ ይማርሽ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ሰዎቹ እስኪርቁ ጠበቁ።

«ሌሊቱን ልብሱን ከሳጥን ሳወጣ ሳስገባ አደርኩ። ብርሃን ሲሆን ተነሳሁ። መንገድ ላይ ግን እግሬ አልቸኮለም፤ ድንጋይ ባገኘሁ ቁጥር ተቀመጥኩ። ውሃ አይቼ ልጠጣ ብዬ ቆምኩ፤ ውሃ እንኳ አልጠማኝም። አራት ዓመት ልጇን የጠበቀች እናት እንዲህ ነው የምትሄድ? እሮጥ አልነበር?» ወደ እግራቸው ጎንበስ ብለው አዩ። «እግሬ ያውቃል። እኔ ነኝ አላውቅም ያልኩት።»

ምሥጋናው እንደ ልጅ አለቀሰ። እሳቸው አላለቀሱም። ሲጨርስ እጁን ይዘው ተነሱና፣ ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ። ቋጠሮውን ልያዝልዎት ቢላቸው አልሰጡትም።

አያ ገብረ ሚካኤል ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ከሚስታቸው ጋር ተያዩ። ማኅሌት እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እማማ ይማርሽ ልጃቸውን አባብለው ከጥላው ሥር ገቡና፣ ጠረጴዛው ላይ ሰደፍ የሌለውን ጠመንጃና ከአጠገቡ የተኛውን አዲሱን ወይራ አዩ። ምሥጋናው ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ማታ ቀርጾት የተረፈው ማለስለስ ብቻ ነበር። አንገቱ ላይ አንዲት ጉጥ የለችም፤ በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ሥራ አልሠራም።

«አርጅቷል አለህ አይደል?» አሉ ለምሥጋናው፤ ባላቸውን ሳያዩ። «ለምን እንደሚያስቀይረው የማላውቅ መስሎት ነው።»

በእነሱ አገር ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞትና አስከሬኑ ሳይገኝ ሲቀር፣ በለቅሶው ሜዳ በእሱ ፈንታ ልብሱና የቤቱ ጠመንጃ ይወጣሉ። ሰው እነሱን እያየ ያለቅሳል። አንገቱ የተሰበረ ጠመንጃ ይዞ ሜዳ መውጣት ነውር ነው። ምሥጋናው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አላገናኘውም።

አያ ገብረ ሚካኤል አንገታቸውን ደፉ። «ልነግርሽ አፌ እምቢ አለኝ፤» አሉ። «ጠመንጃውን ላዘጋጅና ይድረስ ብዬ ነው። እስክትፈቅጅ ሌላ አራት ዓመት እጠብቅ ነበር።»

«አውቃለሁ፤» አሉ እማማ ይማርሽ። ያኔ ነው እንባቸው የመጣው፤ ድምፅ የሌለው እንባ። በነጠላቸው ጠረጉት። «ለአባታችን ንገሩልኝ። አሁን ይፍቱልኝ።»

ማኅሌት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እማማ ይማርሽ ጠፍሩን ለምሥጋናው ሰጡት። «ይኼን ደግሞ አዲሱ ላይ እሰርልኝ።»

አዲሱ አንገት ጠፍር አያስፈልገውም። ያን የመሰለ ሥራ በአሮጌ ቆዳ መሸፈን አናጢን ሆድ ያስብሰዋል፤ ምሥጋናውንም ለአንድ አፍታ ብሶት ነበር፤ አልዋሽም። ቢሆንም ሰደፉን አለስልሶ ከብረቱ ገጠመ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ቅባት አስነክቶ መለሰ፤ ጠፍሩን ውሃ ውስጥ ነከረ። ሲለሰልስ ማሰር ጀመረ። አሥራ አንዱን ዙር ዞረና መጨረሻው ላይ ቆመ። ቋጠሮውን አያውቀውም። ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ።

«አምጣው፤» አሉ አያ ገብረ ሚካኤል። «የምራን ቋጠሮ ነው። እኔ ነኝ ያሳየሁት።»

ሳምንቱን ሙሉ መቋሚያ ብቻ የያዘው እጃቸው ከመጀመሪያው ዙር ጀመረ። እማማ ይማርሽ ጠመንጃውን አቅፈው ያዙላቸው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ጎንበስ አሉና በጥርሳቸው ይዘው ሳቡት፤ ልጁ እንደሳበው። ከዚያ ፀሐይ ላይ አኖሩት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እማማ ይማርሽ ስልክ ደውልልኝ አሉ። ወንድምአገኝ ድንጋዩ ላይ እንደሚጠብቅ ያውቃሉ፤ አገር ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ይሆናል። ምሥጋናው ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው ከፍታ ደግፎ አወጣቸውና ደውሎ ሰጣቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ወንድምአገኝ፣ ትሰማኛለህ? የተፈታው የሻው አይደለም። የየሻው ነው።» ሁለቱንም የ ለየብቻ፣ ረጋ ብለው አሏቸው። «ጠፍሩ ነው የተፈታው። የሻውን ሐሙስ እንፈታዋለን። ለሰው ንገርልኝ፤ እልል ያለ ሁሉ ይምጣ።»

ስልኩን ለምሥጋናው መለሱለት። ከዚያ ጠምቶኛል አሉ፤ ማኅሌት ውሃ ይዛላቸው መጣች።